ከኋላ ተቀመጪ

ልጄ፣ ባለፈው ስንገናኝ «የድንገተኛ ሕክምና ቴክኒሻን ልማር ወይስ ነርስነቱ ይሻለኛል?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ሰው በተሰበሰበበት ቸኩዬ ልመልስልሽ አልፈለግሁም። በዚሁ በደምቢያ ምድር ነርስ ሆኜ ዕድሜዬን ስለፈጀሁ ያየሁትን ሁሉ አሰባስቤ በጽሑፍ ብሰጥሽ ይሻላል ብዬ ነው። መልሴን አላቆይብሽም፤ ቴክኒሻንነቱን ተማሪ። ብቻ የትኛው ወንበር ላይ ለመቀመጥ እንደምትማሪ አውቀሽ ግቢበት።

አምቡላንስ ጋቢና አለው፣ ከኋላ ደግሞ ከአልጋው ጎን ያለች ጠባብ መቀመጫ አለችው። ጋቢናው ይመቻል፤ መስኮት አለው፣ ነፋስ ይገባል፣ ደም አይሸትም። የኋላዋ መቀመጫ ላይ መኪናው በዘለለ ቁጥር አብረሽ ትዘያለሽ፤ ትውከትና የሽርት ውኃ ጫማሽ ላይ ይፈስሳል። በሥራ ዘመኔ ደጋግሜ ያየሁትና ሁልጊዜ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ፤ ባለሙያ ተብሎ አብሮ የተላከው ሰው የሪፈር ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ ጋቢና ይገባል። ከኋላ ሕመምተኛዋ ከእናቷ ጋር ትቀራለች። ከከተማችን ከኮላ ድባ እስከ ጎንደር 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚያ መንገድ ላይ ትንፋሽ ሲያጥር የምታየው እናት ናት። እናት ደግሞ የምታውቀው መጮህና የጋቢናውን መስተዋት መደብደብ ብቻ ነው። መኪናው እስኪቆም፣ ባለሙያው ወርዶ የኋላውን በር እስኪከፍት የሚያልፈው ጊዜ የአንድ ሰው ዕድሜ ሊሆን ይችላል።

በኮሌጅ የምትማሪው ነገር በሙሉ፣ የሰውነት አካል ጥናቱም፣ የመድኃኒቱም ሂሳብ፣ የልብ ማሸቱም ልምምድ፣ ለዚያች የኋላ መቀመጫ ነው። ጋቢና የሚያምርሽ ከሆነ ሌላ ሙያ ምረጪ፤ ይህን የምልሽ ስለምወድሽ ነው።

ሙያው ለአገራችን አዲስ ነው። ሰዎች «ነርስ ነሽ? ሐኪም ነሽ? ወይስ የሹፌሩ ረዳት?» እያሉ ይጠይቁሻል፤ አይክፋሽ። ደምቢያችን እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ስትጠይቅ ይህ የመጀመሪያዋ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ ሜዳ የወባ ንዳድ ገብቶ ወደ 7000 የሚገመት ሰው ጨረሰ። ያን ዘመን ያዩ ሽማግሌዎች እህል አጫጅ አጥቶ እንደቀረ፣ ሬሳ ተሸካሚ እንደጠፋ ይናገሩ ነበር። በአገሪቱ የነበረው ሐኪም በጣት የሚቆጠር፣ እሱም በትልልቅ ከተሞች የተቀመጠ ስለነበር ለገጠሩ የሚደርስ ሌላ ዓይነት ባለሙያ ማሠልጠን ግድ ሆነ። ከዚያ በኋላ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1947 ዓ.ም.፣ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ የአሜሪካ መንግሥት የፖይንት ፎር ዕርዳታ፣ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ አብረው አግዘዋል። ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምንለው ከዚያ ነው የበቀለው።

ኮሌጁ ያሠለጠናቸው ጤና መኮንኖች፣ የማኅበረሰብ ነርሶችና ሳኒታሪያኖች ነበሩ። ሦስቱ በአንድ ቡድን ሆነው ለተግባር ልምምድ ከሚላኩባቸው ጤና ጣቢያዎች አንዱ የእኛው የኮላ ድባ ጤና ጣቢያ ነው። አንዱ ያክማል፣ አንዷ ቤት ለቤት ዞራ እናቶችን ታያለች፣ ሌላው ምንጭ ያጎለብታል፣ መጸዳጃ ያስቆፍራል። እስከ ዛሬም ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ጤና ጣቢያ ይልካል፤ ቲቲፒ እያሉ የሚጠሩት እሱ ነው። ጤና መኮንን ያኔ ስሙ እንኳ የማይታወቅ ሙያ ነበር፤ ዛሬ ደምቢያ ውስጥ ጤና መኮንን ማን እንደሆነ የማያውቅ ሕፃን የለም። ስሙን ያስከበሩለት ሌሊት በበቅሎ የሄዱ፣ ጎርፍ የተሻገሩ ሰዎች ናቸው። ያንቺንም ሙያ የምታስከብሪው በዚያው መንገድ ነው፤ በወረቀት የሚሰጥ ክብር ብዙ አይራመድም።

አሁን ያለንበትን ልንገርሽ። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ መንግሥት ለየወረዳው አምቡላንስ ገዝቶ አከፋፍሏል። ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ ከዚያ በፊት ምጥ የያዛት ሴት በቃሬዛ ነበር የምትመጣው፤ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ስምንት ሰው እየተፈራረቀ፣ ሴቶቹ ውኃና ጧፍ ይዘው እየተከተሉ። አሁንም ቢሆን ክረምት ሲገባ መገጭና ድርማ ሞልተው ሜዳው ላይ ሲተኙ፣ የዋልካው አፈር ጎማ ሲውጥ፣ ሕመምተኛው ጠጠር መንገዱ ድረስ በቃሬዛ ይወጣል። ያንን ቃሬዛ እንዳትንቂው። ተሸካሚዎቹ የሥራ ባልደረቦችሽ ናቸው። የት ላይ እንደምትገናኙ በስልክ ተስማሚ፤ ሕመምተኛውን እንዴት አድርገው እንደሚያስተኙት፣ ራሱን የሳተ ከሆነ በጎኑ እንዲያደርጉት ከሩቅ ንገሪያቸው። ሕክምናው የሚጀምረው ያኔ ነው።

መኪናው መጣ እንጂ ከኋላ የሚቀመጠው ሰው እኩል አልመጣም። በብዙ ወረዳ አምቡላንሱ ያለው ሹፌር ብቻ ነው። ስልክ የሚደወለው ወደ ሹፌሩ ሞባይል ነው፤ የሚያነሳው እሱ፣ ቅድሚያ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው እሱ፣ የሚያነሳ የሚያወርደውም እሱ። ደግ ሹፌሮች አውቃለሁ፤ ለሰው ነፍስ የቆሙ፣ እንቅልፍ የማያውቁ። ግን መሪ የጨበጠ እጅ ደም ማቆም አይችልም።

አንድ የሩቅ አገር ታሪክ ልንገርሽ፤ ልብሽን ያበረታዋል። በአሜሪካ ፒትስበርግ በምትባል ከተማ በ1960ዎቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ሰው በድንገት ሲታመም የሚያነሳው የፖሊስ መኪና ነበር፤ ከኋላ የሚንከባከበው ሰው ሳይኖር ተጭኖ ይሄዳል። በ1967 ሂል ዲስትሪክት ከሚባለው የጥቁሮች ሠፈር ሥራ የሌላቸው ወጣቶች ተመልምለው፣ ዶክተር ፒተር ሳፋር የሚባል የሰመመን ሐኪም 300 ሰዓት ያህል አሠለጠናቸው። ፍሪደም ሃውስ የተባለው የአምቡላንስ አገልግሎት እነሱ ናቸው። ማንም ያልጠበቀባቸው ልጆች ሠፈራቸውን ያድኑ ጀመር፤ ለዚያች አገር የአምቡላንስ ሙያ መሠረት ከጣሉት መካከል ስማቸው ይነሳል። አገልግሎቱ በ1975 ሲዘጋ ሥራው በከተማው እጅ ገባ፤ ብዙዎቹ ተገፍተው ወጡ። ይህንን ክፉውንም የምነግርሽ ታሪኩ ሙሉ እንዲሆን ነው። ዋናው ግን የሠፈሩ ልጆች መሆናቸው ነው። ጓሮውን፣ አቋራጩን፣ የማንን ደጃፍ እንደሚያንኳኩ ያውቁ ነበር። አንቺም ከጯሂት እስከ ጎርጎራ፣ ከአይምባ እስከ ጃንጓ ያለውን መንገድ ከከተማ ከሚመጣ ባለሙያ በተሻለ ታውቂዋለሽ።

በእኛም አገር አርአያ አለ። ክብረት አበበ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሰመመን ሰጪ ነርስ ነበር። ሰው በታክሲ ጀርባ ተጣጥፎ ሞቶ ሲደርስ ማየት አንገሸገሸው፤ ቤቱን ሸጦ እ.ኤ.አ. በ2008 ጠብታ አምቡላንስን አቋቋመ፤ ባለሙያም ያሠለጥናል። በበጎ ፈቃድ በኩል ደግሞ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር አለ፤ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተ፣ በ907 ስልክ የሚጠራ። ኮሌጅ ሳትገቢ በፊት የቀይ መስቀልን የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ውሰጂ። ደም ስታዪ ጉልበትሽ ይብረከረክ እንደሆነ የምታውቂው እዚያ ነው። ቢብረከረክም አትፍሪ፤ ይለመዳል።

ወደ ትምህርቱ እንምጣ። ሙያው በቴክኒክና ሙያ መዋቅር ደረጃ 4 ላይ የተቀመጠ ነው። ትምህርቱን ስትጨርሺ ሲኦሲ የሚሉትን የብቃት ምዘና ትፈተኛለሽ፤ ካለፍሽ በኋላ የሙያ ፈቃድ ታወጫለሽ። ለእኛ ቅርቡ የመንግሥት የጤና ኮሌጅ ጠዳ ነው፤ ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ። በዚህ ዓመት በዚህ ሙያ ተማሪ ይቀበል እንደሆነ በአካል ሄደሽ ጠይቂ እንጂ በሰው ወሬ አትሂጂ። የግል ኮሌጅ ከሆነ ደግሞ ገንዘብሽን ከመክፈልሽ በፊት ለዚህ ሙያ ዕውቅና እንዳለው አረጋግጪ፤ የኮሌጁ ዕውቅና ሌላ፣ የትምህርት ዘርፉ ዕውቅና ሌላ ነው። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂ፤ «የተግባር ልምምዱ የት ነው? በሳምንት ስንት ቀን አምቡላንስ ላይ እንወጣለን?» የሚመልሱልሽ ተንተባትበው ከሆነ ቦርሳሽን አንሥተሽ ውጪ። ይህ ሙያ በሃንድአውት አይማሩትም።

በተግባር ልምምድ ላይ ብዙ ተማሪ የሚሮጠው ወደ መርፌው ነው። ካኑላ ማስገባት፣ ስፌት ማየት፣ ትልልቁን ነገር መንካት ያምረዋል። አንቺ ከትንሹ ጀምሪ። ትንፋሽ መቁጠር ተማሪ። የሰው ደረት ከፍ ዝቅ ሲል ሰዓትሽን ይዘሽ ሙሉ አንድ ደቂቃ ቁጠሪ፤ ያዋቂ ጤነኛ ትንፋሽ ከ12 እስከ 20 ነው። ስንቱ ባለሙያ ሳይቆጥር ካርዱ ላይ 20 ብሎ እንደሚጽፍ ብታውቂ ትደነግጫለሽ! የሁሉም ሕመምተኛ ትንፋሽ በአንድ ቁጥር የሚቀመጥበት ካርድ ውሸት ነው። ሰው መድከም ሲጀምር አስቀድሞ ምልክት ከሚሰጡት አንዱ ትንፋሽ ነው፤ ቢፒው ገና ደኅና ሆኖ ሳለ ትንፋሹ 30 ይገባል። ያን ጊዜ የቆጠረ ሰው ያውቃል፤ ያልቆጠረ «ደኅና ናቸው» ይላል።

ሁለተኛው አምቡ ባግ ነው። ትንፋሹ ለቆመ ሰው በእጅሽ የምትተነፍሽለት እሱ ነው። ጭምብሉን ፊት ላይ መግጠም ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። አውራ ጣትና አመልካች ጣትሽ ጭምብሉን ከላይ ይጫኑታል፣ ሦስቱ ጣቶችሽ መንጋጋውን ወደ ላይ ይስቡታል። መንጋጋው ካልተሳበ ምላስ ወደ ኋላ ይወድቅና አየሩ በጎን ያፏጫል። ልቡ እየመታ ትንፋሹ ለቆመ አዋቂ በየ6 ሴኮንዱ አንድ ጊዜ፣ ደረቱ ትንሽ ከፍ እስኪል ብቻ ጭመቂ። በድንጋጤ በፍጥነት የሚጨምቅ ሰው አየሩን ወደ ሆድ ይልከዋል፤ ሕመምተኛው ያስመልሳል፣ ትውከቱ ሳንባ ይገባል። ሰው የሚቸኩለው ስለሚራራ ነው፤ ግን አንቺ ርኅራኄሽን በ6 ሴኮንድ ለክተሽ ትሰጪዋለሽ። አሻንጉሊቱ ላይ እጅሽ እስኪዝል ተለማመጂ። የልብ ማሸቱንም እንዲሁ፤ በደቂቃ ከ100 እስከ 120፣ ጥልቀቱ ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር፣ 30 ካሸሽ በኋላ 2 ትንፋሽ። ሁለት ደቂቃ ካሸሽ በኋላ ክንድሽ ይከዳሻል፤ ስለዚህ ሹፌሩን አስተምሪው። አዎ፣ ሹፌሩን። መኪናው በቆመበት ተረኛ እሱ ነው።

የደም ጉዳይ ይለያል። የሚገነፍል ደም ካለ ሌላውን ሁሉ ጥለሽ እሱን አቁሚ። በሁለት እጅሽ፣ በክብደትሽ ተጫኚው፤ በየደቂቃው እያነሣሽ «ቆመ እንዴ?» ብለሽ አትዪ። ክንድ ወይም እግር ሆኖ በመጫን ካልቆመ ከቁስሉ ከፍ ብለሽ ማሰሪያውን አጥብቂ፤ ያሠርሽበትን ሰዓት እዚያው ላይ ጻፊ። የተቀባይዋ ሐኪም የመጀመሪያ ጥያቄ ሰዓቱ ነው።

ደምቢያ ላይ ከሁሉ አብዝተሽ የምታነሺው ወላድ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ልቆይ። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ100 ሺህ በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች እንደሚሞቱ አሳይቷል፤ ከዚያ በፊት ከነበረው እጅግ የተሻለ ቁጥር ነው፤ ግን ከእነዚህ እናቶች ብዙዎቹን የሚገድላቸው ደም መፍሰስ ነው፤ እሱ ደግሞ መንገድ ላይ ይመጣል። እርጉዝን በጀርባዋ አታስተኚ፤ ማሕፀኑ ትልቁን የደም ሥር ይጫነውና ራሷን ትስታለች። በግራ ጎኗ አድርጊያት። ምጡ መንገድ ላይ ካለቀ መኪናውን አስቁሚ። በሚዘል መኪና ውስጥ ሕፃን መቀበል አይቻልም፤ ሹፌሩ «ትንሽ ነው የቀረን» ቢልሽም አትስሚው። ሕፃኑን አድርቂው፣ እናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አድርጊው፣ በደረቅ ጨርቅ ሸፍኚው። ደርቆም ካልተነፈሰ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ በትንሹ አምቡ ባግ ጀምሪ።

ከዚያ ወደ እናቲቱ ተመለሺ። ብዙ ሰው በሕፃኑ ልቅሶ ተደስቶ እሷን የሚረሳት እዚህ ላይ ነው። እጅሽን ከእምብርቷ በታች አድርገሽ ማሕፀኗን ፈልጊ። እንግዴ ልጁ ወጥቶ ማሕፀኑ ጠንክሮ ከተሰበሰበ ደግ ነው፤ ልፍስፍስ ካለ እሺው፣ እስኪጠነክር እሺው፤ ሕፃኑን ጡት አስይዢው፣ እሱም ያግዛል። ከሥሯ የተነጠፈውን ጨርቅ አንሥተሽ እዪ። ደም ወደ ታች፣ ከወገቧ ሥር ይጠራቀማል፤ ከላይ ስታይዋ ንጹሕ ትመስላለች። አዋላጅ አብራሽ ካለች ማሕፀን የሚሰበስበውን መርፌ ትሰጣለች፤ ከሌለች በሙያ ፈቃድሽ ልክ ያለውን አድርጊ። ከዚያ ወደ ተቀባይ ሆስፒታል ደውይ። ይህ ሁሉ ሥራ ከኋላ ወንበር ነው። ጋቢና ሆኖ ማሕፀን የሚያሽ ሰው አላየሁም።

የወባው ልጅ፣ እባብ የነደፈው ገበሬ፣ ከታንኳ የወደቀው ዓሣ አጥማጅ፣ ባጃጅ የገለበጠው ተማሪ፣ ሁሉም ይመጣሉ። ስለ እባብ አንድ ቃል ብቻ፤ ሕዝባችን ያሥራል፣ ይበጣል፣ ይመጠምጣል። አንቺ ቀለበትና አምባሩን አውልቂ፣ እግሩን እንደተሰበረ አድርገሽ አስደግፈሽ እንዳይንቀሳቀስ አድርጊ፣ ይዘሽ ሂጂ። ስለ ፀረ ተባይ መድኃኒት ግን ጠበቅ አድርጌ ልንገርሽ። በተስፋ መቁረጥ የጠጣ ወጣት ይደርስሻል። ምራቁ ይዝረበረባል፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠብቦ ታዪዋለሽ፣ ደረቱ ያቃስታል። ጓንት ሳታጠልቂ አትንኪው፤ መርዙ በቆዳም ይገባል። ልብሱን አውልቂ፣ ገላውን በውኃ እጠቢ፣ እንዲያስመልስ አታስገድጂው፣ አፉን ጥረጊና አየር መንገዱን ጠብቂ። ጠርሙሱን ይዘሽ ሂጂ፤ ሐኪሙ ስሙን ያንብበው። ቤተሰቡ አጠገብሽ ሲወቅሰው ብትሰሚ በእርጋታ «አሁን እሱን አንናገር፤ ይድን» በዪ። ልጁ ራሱን የሳተ ቢመስልም ሊሰማ ይችላል። ወሬውንም ከአምቡላንሱ አታውጪው፤ ኮላ ድባ ትንሽ ከተማ ናት፣ ያ ልጅ ከዳነ እዚሁ ነው የሚኖረው።

ሰው ቤት ስትገቢ ደግሞ እንደ ባለሙያ ብቻ አትግቢ። ጫማሽ ላይ ጭቃ ቢኖርም ሰላምታ አይቅር፤ «እንዴት አመሻችሁ፣ እግዜር ይማርልን» በዪ። ውሳኔው ያለው አማት ወይም አጎት ዘንድ ሊሆን ይችላል፤ ያንን ሰው ለይተሽ አነጋግሪ። «እማማ፣ ልጅዎን ወስጄ ልመልስልዎ» ያለች ባለሙያ ግማሹን ሥራ ጨርሳለች። ጸበል ይጠመቅ ቢሉሽ አትከራከሪ። «ጸበሉን ይዘን እንሂድ፤ እኔም መንገድ ላይ ኦክስጅኑን እሰጠዋለሁ» በዪ። ሃይማኖቱን ያልነቀፍሽበት ሰው መኪናሽ ውስጥ ይገባል። ብዙ ሰው የሚሞተው መንገዱ ርቆ ብቻ አይደለም፤ እንሂድ አንሂድ ሲባባል ሌሊቱ ስለሚነጋ ነው። ይህንን ከማንም በላይ ማሳጠር የሚችሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው፤ የሁሉንም ስልክ ያዢ፣ በዓል ሲሆን እንኳን አደረሳችሁ በያቸው።

ሆስፒታል ስትደርሺ ሕመምተኛውን ደጃፍ ላይ ጥለሽ እንዳትመለሺ። ለተረኛው ቆመሽ፣ ዓይኑን እያየሽ በአራት ነገር አስረክቢ፤ ምን ሆኖ፣ የት ተጎድቶ፣ መለኪያዎቹ ስንት ሆነው፣ አንቺ ምን አድርገሽለት። ከግማሽ ደቂቃ ብዙም አይበልጥ። ድንገተኛ ክፍሉ ተጨናንቆ ሊያመናጭቅሽ ይችላል። እኔም አንድ ሌሊት ተረኛ ሐኪም ሳያየኝ «አስቀምጪውና ሂጂ» ብሎኛል። አልሄድኩም፤ ቁጥሮቹን ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ ሁለተኛው ቁጥር ላይ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ተነሣ። ቁጥር ከያዝሽ ይሰሙሻል።

ባለፉት ዓመታት በክልላችን የደረሰውን ግጭት ታውቂዋለሽ። መንገድ ይዘጋል፣ ኬላ ላይ ትቆሚያለሽ፣ ቁስለኛ ታነሻለሽ። ሰውየው የማን ወገን እንደሆነ አትጠይቂ። መሣሪያ የያዘ ሰው አምቡላንስ ውስጥ አይግባ፤ ከገባ መኪናው አምቡላንስ መሆኑ ይቀራል። ያየሽውን አታውሪ፣ ፎቶ አታንሺ፣ በስልክሽ የማንንም ቁስል አታስቀምጪ። የአምቡላንሱ ምልክት ሁልጊዜ ያድናል ብዬ አልዋሽሽም። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች መልካ ዲዳ ላይ የስዊድንን የቀይ መስቀል አምቡላንስ ደብድበዋል፤ ሕመምተኛና የአምቡላንሱ ሠራተኛ አብረው ሞተዋል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የምትማሪው ሕግ፣ ቦታው ሰላም መሆኑን ሳታረጋግጪ አትግቢ የሚለውን፣ መጽሐፍ ስላለው ብቻ ሳይሆን አገርሽን ስለምታውቂ ጠብቂው። አስተባባሪሽ «ዛሬ አትውጡ» ካለ አትውጪ። መንገዱ አጠራጣሪ ሆኖ እየፈራሽ «አልሄድም» ብትዪ ማንም ፈሪ ሊልሽ አይገባም።

የሚሞትብሽ ሰው ይኖራል። ሁሉን በትክክል አድርገሽም ይሞታል። እንዲያ ባለ ሌሊት ብቻሽን ቤት አትግቢ፤ ከሹፌሩ ጋር ቁጭ ብላችሁ ቡና ጠጡ፣ የሆነውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተነጋገሩ። መኪናውን እጠቡ፤ ደሙን በክሎሪን፣ ኦክስጅኑን መልሳችሁ ሙሉ፣ የጎደለውን ጓንት ተኩ። ነገ የሚመጣው ሰው ባዶ ሲሊንደር እንዳይጠብቀው። ማልቀስ ቢመጣብሽ አልቅሺ። ለብዙ ሳምንት እንቅልፍ ካጣሽ ግን ለሐኪም ንገሪ፤ የብዙ ጓደኞቼን ዕድሜ የበላው «ለምጄዋለሁ» ማለት ነው። ወገብሽንም ጠብቂ፤ ሰው ስታነሺ በጉልበትሽ ተነሺ፣ ሰውነቱን ወደ ደረትሽ አስጠጊ። ወገቡን ያጣ የአምቡላንስ ሠራተኛ አርባ ዓመት ሳይሞላው ካርድ ክፍል ይቀመጣል።

ስለ እንጀራው እውነቱን ልንገርሽ። ቅጥሩ እንደ ነርስነቱ ሰፊ አይደለም። ብዙ ወረዳ ለአምቡላንሱ የሹፌር መደብ ሲኖረው የቴክኒሻን መደብ የለውም፤ ተመርቀው ሌላ ሥራ የያዙ ልጆች አሉ። ደመወዙም ቤት አያሠራም። ስለዚህ ሙያውን እንደ መጨረሻ ቤትሽ ሳይሆን እንደ መግቢያ በር ያዢው። ሠርተሽ ልምድ ስትይዢ ወደ ነርስነት፣ ከዚያም ወደ ድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን ነርስነት መማር ይቻላል። ያ ነርስ አምቡላንስ ላይ የሠራ ከሆነ ከሌላው ይለያል፤ ሕመምተኛው በር ላይ ከመድረሱ በፊት ያለፈበትን ያውቃል። ነርስነቱን አስቀድሜ ልማር ካልሽም አልቃወምሽም። ግን ልብሽ እዚህ ላይ ከሆነ፣ እንደነገርሽኝ ከሆነ፣ አትጠብቂ። ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የሚያውቁኝ ሰዎች አሉ፤ መደብ እንዲጠይቁ የሚያስገድዳቸው ሠልጥኖ ደጃቸው ላይ የቆመ ሰው ነው። እኛም ሽማግሌዎቹ አብረንሽ እንቆማለን። ለመኪናው ጮኸን ነበር፤ ከኋላ ለሚቀመጠውም መጮህ አለብን።

አባትሽ «ሴት ልጅ በሌሊት ከሹፌር ጋር» እያሉ እንደሚጨነቁ እናትሽ ነግራኛለች። ጭንቀታቸው አግባብ ነው፤ አትቆጪባቸው። የተረኛ ዝርዝር በጽሑፍ መኖሩን፣ ስትወጪና ስትገቢ ለአስተባባሪ መደወል እንዳለ፣ አብዛኛዋ ሕመምተኛሽ ምጥ የያዛት ሴት እንደሆነችና እሷም ሴት ባለሙያ ብታገኝ ደስ እንደሚላት ንገሪያቸው። ቀሪውን እኔ አወራቸዋለሁ፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ቤት ይቆዩኝ በያቸው። አንቺ የ12ኛ ክፍል ውጤትሽንና የልደት ካርድሽን ኮፒ አስደርጊ፣ ጉርድ ፎቶግራፍም ያስፈልግሻል። ሰኞ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ወደ አዘዞ እንወጣለን፤ ከዚያ ጠዳ ሩቅ አይደለም።